ስታለቅስ የሮጥኩት፣ ስትስቅ ለምን ዘገየሁ?

ማለዳ (ውይይቱን የጀመረችው)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የልጅነት ጓደኛ አለችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ወንድሟ ሲሞት አንድ ወር ሙሉ ከጎኗ አልተለየሁም። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላት አብሬያት ቁጭ እላለሁ። ስልኳን የማነሳላት እኔ ነበርኩ። ልጇን ከትምህርት ቤት የማመጣውም እኔ። አንድም ቀን "ደከመኝ" ብዬ አላውቅም። ስታለቅስ አንጀቴን ትበላኝ ነበር፤ ሳላስበው እግሬ ወደ እሷ ይወስደኛል።

ባለፈው ወር ደግሞ ለዓመታት ስትመኘው የኖረችውን ሥራ አገኘች። ወዲያው ደወለችልኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ትስቃለች፣ መሃል ላይ ታለቅሳለች፣ እንደገና ትስቃለች። እኔ ምን አልኩ? "እንኳን ደስ ያለሽ! ጎበዝ!" አልኩና ወዲያው "ሩቅ አይደለም እንዴ? ልጅሽንስ ማን ያይልሻል?" ብዬ ጠየቅኩ። ሦስት ደቂቃ እንኳን አላወራንም። ድምጿ ቀስ እያለ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። ሰማሁት፤ ግን አላቆምኩም።

ከሳምንት በኋላ ጻፈችልኝ። ለአዲሱ ሥራ ወደሚቀርብ ቤት ልትገባ ነው፣ አንድ ቀን መጥቼ ዕቃ ባሽግላት ደስ ይላታል። "አያለሁ" አልኩ። አላየሁም። ሥራ ነበረኝ። እውነቱን ካወራን ግን ያን ያህል አልነበረኝም።

ያቺው ሴት ናት፣ እኔም ያው እኔ ነኝ። ስታለቅስ የሮጠው እግሬ ስትስቅ ለምን ከበደው? ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ በሰው ደስታ መደሰትና ሰውን መርዳት ይያያዛሉ? በደስታዋ ከልቤ ተደስቼ ቢሆን ኖሮ ካርቶኗን ለመሸከም እሮጥ ነበር? ወይስ ሁለቱ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው?

ሐምራዊ

እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ እንጂ ይሄ ቅናት ነው። ሁላችንም ጋ አለ። ጓደኛ ሲወድቅ ከእኛ ዝቅ ይላል፣ እናነሳዋለን፣ ደግነታችንም ደስ ይለናል። ሲነሳ ግን ከእኛ እኩል ይሆናል፣ አንዳንዴም ያልፈናል። ያኔ እጃችን ይከብዳል። እኔ ታናሽ እህቴ ስትመረቅ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ፈገግ ለማለት ስታገል ትዝ ይለኛል። እወዳታለሁ። ግን ያን ዓመት እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ነበር። ጊዜ ወስዶ ነው ያለፈልኝ።

ማለዳ

ሐምራዊ፣ ስለ እውነትሽ አመሰግናለሁ። አልተቀየምኩም። ቅናት ይሁን አይሁን ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሙያችን አይገናኝም፤ ሥራዋን ቢሰጡኝ አልቀበልም። ስታወራኝ ውስጤ ያለው ነገር እንደ ፍርሃት ነበር። "ከእንግዲህ አትፈልገኝም" የሚል። ስታዝን ቦታ ነበረኝ። ስትደሰት ቦታዬ የት እንደሆነ ጠፋኝ።

አሁንም ተማሪ

ሰላም ማለዳ። ሥነ ልቦና አስተምራለሁ። ጥያቄሽ ለእኔም የቆየ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. አድርጋችሁ አንብቡልኝ።

የሌላውን ስሜት መጋራት ሲጠና ለረጅም ጊዜ ሁሉም ዓይን ሥቃይ ላይ ነበር። ሰው ሲቸገር እናያለን፣ ያመናል፣ እንረዳለን። ደስታን መጋራት ዳር ላይ ቀርቶ ነበር። በ1989 ካይል ስሚዝ፣ ጃክ ኪቲንግና ኤዝራ ስቶትላንድ ነገሩን ገለበጡት። ሰው የሚረዳው የሌላው ሕመም ስላመመው ብቻ አይደለም፣ ያ ሰው እፎይ ሲል አብሮ እፎይ ለማለትም ነው አሉ። ኮሌጅ ገብታ ኑሮው የከበዳትን ተማሪ በቪዲዮ ለሌሎች ተማሪዎች አሳዩ። ከዚያ ምክር እንዲሰጧት ዕድል ሰጧቸው። ለግማሾቹ "ምክራችሁ ምን እንዳመጣ በኋላ ትሰማላችሁ" ተባለ። ለቀሩት "አትሰሙም" ተባለ። ልባቸው ለልጅቷ የቀረበው ሰዎች የበለጠ የረዱት ወሬዋን እንደሚሰሙ ሲያውቁ ነበር።

ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የሚመጣው ደስታ ገና ሳይመጣ እጅን ያንቀሳቅሳል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንቺ። በ2017 ማይክል አንድሬቺክና አንድ ባልደረባው ያሳዩት ነገር አለ። ሐዘን የመጋራት ዝንባሌና ደስታ የመጋራት ዝንባሌ ሁለት ናቸው። አንዱ ያለው ሰው ሌላው ላይኖረው ይችላል። የሚገፉንም ወደተለያየ አቅጣጫ ነው። ሐዘን የሚጋራ ሰው ሥቃይን ለመቀነስ ይነሳል። ደስታ የሚጋራ ሰው ደስታን ለመጨመር ይነሳል። ወንድሟ ሲሞት የጠየቀችሽ እርዳታ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ካርቶን ማሸጉ ሁለተኛው ነው። ዕቃ ስታሽግ ማንም አይሞትባትም፣ አታለቅስም፣ ብትቀሪም ቤቱ መግባቷ አይቀርም። ስለዚህ የለመድሽው የሐዘን ደወል አልጮኸም። ሌላው ደወል ደግሞ ስልኩ ላይ ነው የጠፋው።

ስለ ስልኩ አንድ ልጨምር፤ ሊያምሽ ይችላል። ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ ሰዎች ለመልካም ዜና የሚሰጡትን ምላሽ በአራት ከፍለው አጥንተዋል። አንዱ ከዜናው ባለቤት ጋር መሞቅ ነው፤ "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ፣ ሲደውሉልሽ የት ነበርሽ?" ማለት። ሁለተኛው ቀዝቀዝ ያለ "ጎበዝ" ነው። ሦስተኛው ነገሩን ቸል ብሎ ወደ ሌላ ወሬ መዞር። አራተኛው በዜናው ውስጥ ችግር መፈለግ። "ልጅሽንስ ማን ያይልሻል?" የመጨረሻው ነው። በ2006 ጥንዶችን ሲያጠኑ፣ አንዱ ለሌላው መልካም ዜና የሚሰጠው ምላሽ ከግንኙነታቸው ጤና ጋር ያለው ቁርኝት ለክፉ ዜና ከሚሰጠው ምላሽ ይልቅ የጠነከረ ሆኖ አገኙት። ይሄን ሳነብ እኔም ቤቴን አሰብኩ።

ቁጥር ፈታኙ

በደንብ ተብራርቷል። ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። የምረዳው የሰውየው ደስታ ለእኔ ስለሚተርፍ ከሆነ፣ ይሄ እርዳታ ነው ወይስ ንግድ? ደስታ ልገዛ ነው የሄድኩት። ወሬውን እንደማልሰማ ባውቅ የማልሄድ ከሆነ ሰውየው ለእኔ ምኔም አይደለም ማለት ነው።

አሁንም ተማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፤ ተመራማሪዎቹም በዚሁ ተከራክረዋል። ዳንኤል ባትሰን የሚባለው ሰው ሕይወቱን የሰጠው ለዚህ ነው ማለት ይቻላል። በ1991 ከባልደረቦቹ ጋር የስሚዝን ሐሳብ ፈተነው። የተቸገረችን ሰው ታሪክ ካሰሙ በኋላ "ሁለተኛ ቃለ መጠይቋን መስማት ትፈልጋላችሁ?" ብለው ጠየቁ። እስከዚያ የመሻሻል ዕድሏ ለአንዳንዶቹ 20 በመቶ፣ ለአንዳንዶቹ 50፣ ለሌሎቹ 80 በመቶ ነው ተባለ። የፈለጉት ደስታውን ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሉ ከፍ ባለ ቁጥር ለመስማት የሚጓጉት መብዛት ነበረባቸው። ልባቸው የቀረበው ሰዎች ላይ ግን ይሄ አልታየም። ተስፋዋ ትንሽ ቢሆንም ወሬዋን ፈልገዋል። ያሳሰበቻቸው እሷ ነበረች።

ከሁሉም የምወደው ግን የሕፃናቱ ነው። ሮበርት ሄፓክ፣ አምሪሻ ቫይሽና ማይክል ቶማሴሎ በ2012 የሁለት ዓመት ልጆችን የዓይን ብሌን ለኩ። ብሌን ሰው ሲጨነቅ ይሰፋል። አንድ ትልቅ ሰው ዕቃ ይፈልጋል፣ አይደርስበትም፤ ልጁ ያያል። አንዳንዱ ልጅ ሄዶ እንዲያቀብል ተፈቀደለት። አንዳንዱ ተያዘና ሰውየው ሳይረዳ ቀረ። አንዳንዱ ደግሞ ተያዘና ሌላ ሰው መጥቶ ሲረዳ አየ። ሰውየው ሳይረዳ ሲቀር የልጁ ብሌን እንደሰፋ ቀረ። ሲረዳ ግን ተመለሰ። ያቀበለው ልጁ ራሱ ይሁን ሌላ ሰው ለውጥ አልነበረውም።

ንግድ ቢሆን ኖሮ ሌላው ሲረዳ ልጁ ምን ተረፈው? ምስጋናው ለሌላው ሄዷል። የቀረለት የሰውየው ችግር መፈታቱ ብቻ ነው። እሱ በቂው ነበር።

ቁጥር ፈታኙ

የሕፃናቱ አሳምኖኛል። ግማሽ ያህል። ነገ እመለሳለሁ።

የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ፤ አብዛኛውን በሌሊት። ስለ ጥናት አላውቅም፣ ስለ ዋርድ ግን ልናገር።

ሌሊት የሚሠራ ሰው መጨረሻ አያይም። ሕመምተኛ ሲብስበት የምንነሳ እኛ ነን። ድኖ ሲወጣ ግን ቀን ነው፤ እኛ ተኝተናል። ማታ ስመለስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው አለ። ሰውየው ይዳን፣ ይሙት፣ ወደ ሌላ ክፍል ይሂድ፣ ካልጠየቅኩ አላውቅም። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ሥራዬን እሠራለሁ፣ መድኃኒት በሰዓቱ እሰጣለሁ። ግን አንድ ሰው "ሲስተር፣ ትንሽ ቁጭ ትዪልኝ?" ሲለኝ ሆዴ አይባባም። ክፉ ሆኜ አይመስለኝም፤ ደርቄ ነው። ሐዘን ብቻ ነበር የምጋራው።

አንድ ቀን ተረኛ የምትተካኝ ዘግይታ እስከ ረፋድ ቆየሁ። በግራ ጎናቸው ሽባ ሆነው የገቡ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁለት ሳምንት ሌሊት ሌሊት ያገላበጥኳቸው እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ምርኩዝ ይዘው ኮሪደሩ ላይ ወጡ። የግራ ካልሲያቸው ግማሹ ወልቆ ከኋላቸው ይጎተታል። የምርኩዙ ጎማ መሬቱ ላይ ጢብ ይላል፣ ትንሽ ይቆማል፣ እንደገና ጢብ። ጽዳት የምትሠራው ልጅ መወልወያዋን ይዛ ቆመች። ሐኪሙም ቆመ። እኔ ጋ ሲደርሱ ቀና ብለው አይተው "አንቺ የሌሊቷ ነሽ አይደል?" አሉኝ። በድምፄ ነው ያወቁኝ፤ ፊቴን በብርሃን አይተውት አያውቁም።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላ ቃል የለኝም።

ከዚያ በኋላ የቀን ተረኞቹን አንድ ነገር ለመንኳቸው። የርክክብ መዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ ድኖ የወጣ ሰው ሲኖር አንድ መስመር ጻፉልን አልኳቸው። "አልጋ 6፣ በእግሩ ወጣ።" "አልጋ 11፣ ልጇ መጥቶ ወሰዳት፣ ትስቅ ነበር።" አሁን ማታ ስገባ መጀመሪያ የማነበው እሱን ገጽ ነው። "ትንሽ ቁጭ ትዪልኝ?" ሲሉኝ ደግሞ ቁጭ እላለሁ። ሁልጊዜ አይደለም፤ ጊዜ ሲኖረኝ። ግን ፍላጎቱ ተመልሷል።

አሁንም ተማሪ

የሌሊት ተረኛ፣ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያልሽው በጥናትም ይደገፋል። አንድሬቺክ በ2019 ሰውን የመርዳት ሙያ ላይ ያሉ ሰዎችን አይቶ፣ የሰውን ደስታ መጋራት የሰውን ሥቃይ ለመሸከም ያግዛል ብሏል። ደስታን የሚጋሩት በሥራቸው የመዛል ምልክታቸው ያነሰ ነው። ታንያ ሲንገርና ኦልጋ ክሊሜኪም ተመሳሳይ ነገር አግኝተዋል። ሰዎችን የሌላውን ሥቃይ እንዲጋሩ ብቻ ሲያሠለጥኗቸው ስሜታቸው ጨለመ። ለተሠቃየው ሰው መልካም እንዲመኙ ሲያሠለጥኗቸው ግን መልካም ስሜታቸው ተመለሰ፤ አንጎላቸው ውስጥ የሚሠራው ክፍልም ሌላ ሆነ።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን ይሄን ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ሲያሳዝነን "አንጀቴን በላው" እንላለን። ሲያስደስተን "አንጀቴ ቅቤ ጠጣ"። ቦታው አንድ ነው። አንዱ ሲበላው ሌላው ያጠጣዋል። ሲበላ ብቻ የሚኖር አንጀት ምን ይቀረዋል?

ስሜን አልጽፍም

እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። የተረዳሁት እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራዬን፣ ትዳሬንና ጤናዬን በአንድ ዓመት አጣሁ። ሰው አልራቀኝም፤ በፍጹም። ቤት የሰጠኝ ጓደኛ አለ። ሐኪም ቤት ያመላለሰኝ አለ። ብድሬን የከፈለልኝ አለ። እስከ ዛሬ ስማቸውን ስጠራ እምባዬ ይመጣል።

ከዚያ ቆምኩ። ቀስ ብዬ፣ ግን ቆምኩ። አዲስ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ቀን ቤት ለሰጠኝ ጓደኛዬ ደወልኩ። "ተከፈለኝ!" አልኩት፤ እንደ ሕፃን ነው የጮኽኩት። "አሃ፣ ጥሩ ነው። አሁንማ ሰው ሆነሃል፣ እኛን አትፈልገንም" አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ቀን ሌላ ሰው ጋ አልደወልኩም።

ማለዳ፣ "ቦታዬ ጠፋኝ" ስትዪ እሱን አሰብኩት። እሱም እንዲያ ተሰምቶት ይሆናል፤ ይቅር ልለው ይገባል። ግን በእኛ በኩል ምን እንደሚሆን ልንገርሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ እርዳታ መጠየቅ ከበደኝ። ባለፈው ዓመት ሁለት ወር ታምሜ ለማንም አልተናገርኩም። ደስታዬን ያልፈለገ ሰው ጋ ሕመሜን ይዤ መሄድ ልመና መሰለኝ። መልካም ዜናዬን የሚሰማ ሰው ጋ ግን ችግሬንም ይዤ እሄዳለሁ፤ እሱ ጋ ከችግሬ በላይ እንደሆንኩ አውቃለሁና። ጓደኛሽ ዕቃ እንድታሽጊላት ጠይቃሻለች። ይሄ ማለት ገና በርሽን አልዘጋችውም።

ማለዳ

ይሄን በአውቶቡስ ውስጥ ነው ያነበብኩት። መውረጃዬን አለፍኩ።

የሰባ ዓመቱ

ልጆቼ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው ነገር አለ። ከሚያለቅስ ጋር ማልቀስ ይቀላል፣ ከሚደሰት ጋር መደሰት ግን ከፍ ያለ ነፍስ ይፈልጋል ይላል። የሚያለቅሰውን አይቶ የማያዝን ድንጋይ ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ ታስለቅሰናለች። የሚደሰተውን ላለመቅናት ግን ከራስ ጋር መታገል ያሻል። በቡድሃ ተከታዮች ዘንድም በሌላው ደስታ መደሰት ሙዲታ ይባላል፤ ሰው ሊያሳድጋቸው ከሚገቡ አራት የልብ ጠባዮች አንዱ ነው። ከርኅራኄ ለይተው ለብቻው ስም ሰጥተውታል። ሁለት የተራራቁ ወገኖች ይሄን ማየታቸው ይደንቀኛል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያረጋገጥኩት አንድ ነገር ነው። መደሰት ይለመዳል። እኔ በጉልምስናዬ ነው የለመድኩት። ታላቅ ወንድሜ ቤት ሲሠራ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም ነበር። ጣራው ሲመታ እናቴ አስገድዳ ላከችኝ። ሄጄ ምስማር አቀበልኩ። ምስማር ሳቀብል ደስታው መጣ። ቀድሞ አልመጣም። ልጄ ማለዳ፣ ደስታው እስኪመጣ አትጠብቂ፤ አንዳንዴ እጅ ነው ልብን የሚቀድመው።

ሐምራዊ

አባቴ፣ እድሜ ይስጥዎት። "ምስማር ሳቀብል ደስታው መጣ" ያሉትን በወረቀት ጻፍኩት።

ቁጥር ፈታኙ

እንዳልኩት ተመለስኩ። ሙቀቱን ማቀዝቀዝ አልፈልግም። ግን ነገሩ ከምናስበው የተወሳሰበ እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ካልሆነ "ተደሰት፣ ትረዳለህ" የሚል ቀላል ቀመር ይዘን እንሄዳለን።

በ1972 አሊስ አይሰንና ፓውላ ሌቪን ታዋቂ ሙከራ ሠሩ። የሕዝብ ስልክ ውስጥ ሳንቲም ትተው፣ ሳንቲሙን ያገኘ ሰው ሲወጣ ፊት ለፊቱ ወረቀት የሚበተንባት ሴት አሳለፉ። ሳንቲም ካገኙት 16 ሰዎች 14ቱ ወረቀቱን ለቀሙላት። ካላገኙት 25 ሰዎች አንድ ብቻ። በጣም ያማረ ቁጥር ነው። ግን ሌሎች በ1970ዎቹ ሲደግሙት ያንን ውጤት አላገኙም። ስለዚህ ደስታ ይረዳል ሲባል በእንዲህ ያለ ቁጥር አንታለል።

ከዚህ የባሰው የ1981ዱ ነው። ዴቪድ ሮዘንሃን፣ ፒተር ሳሎቬይና ኬነት ሃርጊስ ሰዎችን ወደ ሃዋይ ሽርሽር እንዲያስቡ አደረጉ። ግማሾቹ ራሳቸው ሲሄዱ ያስባሉ። ሌሎቹ ጓደኛቸው ሲሄድ። ሁለቱም ወገን ደስ አለው። ከዚያ ሌላ ሰው እርዳታ ጠየቃቸው። የበለጠ የረዱት በራሳቸው ደስታ ላይ ያተኮሩት ናቸው! የጓደኛቸውን ደስታ ያሰቡት እንደነሱ አልረዱም። እንግዲህ የሰው ደስታ መካፈል ደግ ያደርጋል ካልን ይሄን ምን እናደርገዋለን?

አሁንም ተማሪ

ሙከራው እውነት ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። ሁለት ነገር ግን ልብ እንበል።

አንደኛ፣ እርዳታውን የጠየቀው ጓደኛው ሳይሆን ሦስተኛ ሰው ነው። ጓደኛዬ ሲደሰት ልቤ ወደ ጓደኛዬ ይሄዳል። ወደ መንገደኛው ላይሄድ ይችላል። ማለዳ የጠየቀችው ግን ስለተደሰተችው ሰው ራሷ ነው። ሁለተኛ፣ "ጓደኛህ ሃዋይ ሄደ፣ አንተ ቀረህ" ተብለህ ስታስብ ደስታው ውስጥ ትንሽ ንክሻ አለ። ሐምራዊ በመጀመሪያው ኮመንት ያለችው እዚህ ይገባል። አብርሃም ቴሰርና ጆናታን ስሚዝ በ1980 ሰዎችን የቃል ግምት ጨዋታ አጫወቱ። አንዱ ፍንጭ ይሰጣል፣ ሌላው ቃሉን ያገኛል። ጨዋታው ተራ ነው ሲባል ሰዎች ለጓደኛቸው ከማያውቁት ሰው ይልቅ ቀላል ፍንጭ ሰጡ። ጨዋታው ችሎታን ይለካል ሲባል ግን ተገለበጠ። ለጓደኛቸው የከበደውን ፍንጭ ሰጡ። ለማያውቁት ሰው አይደለም፣ ለጓደኛቸው! የቅርብ ሰው ስኬት ራሳችንን በምንለካበት ቦታ ላይ ሲመጣ ያቆስላል፤ የቆሰለ እጅ ደግሞ አያቀብልም።

ስለዚህ አንተ ልክ ነህ፣ ቀመር የለም። በዕለት ኑሮ ግን ሌላ ምልክት አለ። ሲልቪያ ሞሬሊና ባልደረቦቿ በ2014 ሰዎች የሌላውን ሕመም፣ ጭንቀትና ደስታ ሲጋሩ አንጎላቸውን በማሽን አዩ። ከዚያ ለ14 ቀናት ሰዎቹ በየቀኑ ማንን እንደረዱ መዘገቡ። ሴፕታል የሚባለው የአንጎል ክፍል በሦስቱም ስሜቶች ይነቃል። እሱ ይበልጥ የነቃባቸው ሰዎች በየቀኑ ይበልጥ ረድተዋል። ሌሎች እንስሳት ላይ ይሄ ክፍል ከእናት እንክብካቤ ጋር ይያያዛል። ደስታን መጋራትም ሐዘንን መጋራትም ወደዚያ አንድ ቦታ የሚያደርሱ ይመስላል።

ቁጥር ፈታኙ

ለጓደኛ የከበደውን ፍንጭ መስጠት... ይሄን አላውቅም ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ዓመት እድገት ሲጠይቅ ማመልከቻውን እንዳነብለት ሰጥቶኝ ነበር። "ጥሩ ነው" ብዬ መለስኩለት። ሁለት ግልጽ ስሕተት አይቼበት ነበር። ለምን እንዳልነገርኩት እስከ አሁን አልገባኝም ነበር። ነገ ላናግረው።

የመድረኩ አስተናባሪ

ውይይቱ ስለረዘመ ከፊት ገጽ ላይ ሰክቼዋለሁ። ቀጥሉ።

ማለዳ

ቅዳሜ ሄድኩ።

ሳልነግራት ነው የሄድኩት። በሩን ስትከፍት ፀጉሯ ላይ የማሸጊያ ፕላስተር ተለጥፎ ነበር። አየችኝና ምንም አላለችም። እኔም ይቅርታ ልል አስቤ የመጣሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ከየቱ ልጀምር?" አልኳት። "ከመጻሕፍቱ" አለችኝ።

ሁለት ሰዓት ያህል ዝም ብለን አሸግን። መጀመሪያ ላይ ደስ አላለኝም፤ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። ጀርባዬን እያመመኝ ነበር። ከዚያ የሰባ ዓመቱ ያሉትን አስታወስኩ። አሁንም ተማሪ ያልሽውንም። እና ጠየቅኳት፦ "ሲደውሉልሽ የት ነበርሽ?"

እጇ ላይ ያለውን ድስት አስቀመጠችና ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ነገረችኝ። ሰልፍ ላይ እንደነበረች። ስልኩን እንዳነሳች ተራዋን ለቃ እንደወጣች። "እባክዎን ይድገሙልኝ" ብላ ሁለት ጊዜ እንዳስደገመቻቸው። መንገድ ላይ ቆማ መጀመሪያ ለወንድሟ ልትደውል ስልኩን እንዳወጣች። ቁጥሩን እስከ አሁን አልሰረዘችውም። ከዚያ ነው ለእኔ የደወለችው።

ለእሱ ልትደውል የነበረውን ስልክ ነው እኔ በሦስት ደቂቃ የዘጋሁት።

አለቀስኩ። እሷ ግን ሳቀች፤ "አሁን ደስ ሲለኝ ነው የምታለቅሺው?" አለችኝና እኔም ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ጀርባዬን ረሳሁት። ሃያ ሦስት ካርቶን ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የመጨረሻውን መኪና ላይ ስናወጣ መሽቶ ነበር።

መጋረጃዋ አልተሰቀለም። እሑድ መሰላል ይዤ እሄዳለሁ።

የሌሊት ተረኛ

አንድ መስመር መዝገቡ ላይ ጻፍኩልሽ። ማታ የሚገቡት ያነቡታል።